ከጤና ጣቢያ ብንርቅም ከመድኃኒታችን አንራቅ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ምንጭ አጠባበቅ ጽፈን ነበር። ዛሬ ደግሞ ቶሎ ስለማይለቁ በሽታዎች እንነጋገራለን።

ወባ የያዘው ሰው መድኃኒቱን በሚገባ ወስዶ ይድናል። አንዳንድ በሽታ ግን እንዲህ አይደለም። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የሚጥል በሽታና አስም ብዙ ጊዜ ከሰው ጋር ረጅም ዘመን ይኖራሉ። መድኃኒት በሽታውን አስሮ ይይዘዋል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። ስለዚህ ደኅና በሆንን ቀንም ሐኪም ያዘዘውን መውሰድ አለብን።

በቢቸና አካባቢ በምናስተምርበት ቀበሌ አንድ አባት አሉ። ፊደል የሚጽፉት በግራ እጃቸው ነው። ቀኝ እጃቸው አይታዘዝላቸውም። አንድ ቀን፣ «አያ፣ እጅዎን ምን አገኘው?» ብለን ጠየቅናቸው። እንዲህ ሲሉ አጫወቱን፦

«ልጆቼ፣ ደም ግፊት አለብህ ተባልኩና የአንድ ወር ኪኒን ተሰጠኝ። ኪኒኑ አለቀ። ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ጊዜው ደግሞ የአጨዳ ነበር። ራሴን አያመኝ፣ ምን አይለኝ! ጤነኛ ሰው መድኃኒት ይውጣል እንዴ ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ወር አንድ ሌሊት አፌ ተጣመመ፤ እጄም ከዳኝ። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ አደረሰኝ።»

ከዚያ ከኮሮጇቸው አንድ ካርድ አወጡ። የቀጠሮው ቀን ተጽፎበታል። «መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ» የሚልም አለበት። «ይኸ ወረቀት ያን ጊዜም ከእኔ ጋር ነበር። እኔ አላነበውም፤ ሰውም አልጠየቅሁ» አሉን። ዛሬ ግን ካርዱን ራሳቸው ያነቡታል። ቀጠሮም አያሳልፉም።

የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም አይሰማም። ውስጥ ውስጡን ግን ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። «አላመመኝም» ብሎ መድኃኒት መተው አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ መንገዱ መርዘሙ የእኒህ አባት ጥፋት አይደለም። ይህ ችግር የብዙ ሰው ነው። በጎንደርና በጅማም ሕሙማን ለአንድ ቀጠሮ ብዙ መንገድ ይጓዙ ነበር። ብዙዎቹም ከመንገዱ ርዝመት የተነሣ ሕክምናውን ያቋርጡ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የሁለቱ ከተሞች ሐኪሞች አንድ ዘዴ አሰቡ። በገጠር ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችን አሠለጠኑ። በሽተኛው ወደ ሆስፒታሉ ከሚሄድ ክትትሉ ወደ በሽተኛው ይቅረብ አሉ። መንገዱም ለብዙ ሰው አጠረ።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በአገራችን ተጀመረ። በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠራ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከእኛና ከጤና ጣቢያው መካከል ያለች ድልድይ ናት። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በደንብ ለተስማማቸው ሰዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት ተጀመረ። ሰውዬው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይመላለሳል ማለት ነው። እናንተም ባለሙያውን ጠይቁ። «መንገዴ ሩቅ ነው፤ የስንት ወር ሊሰጠኝ ይችላል?» በሉ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

አሁን ደግሞ በሞጣ በኩል ያሉ የአንዲት እናትን ነገር እንንገራችሁ። ልጃቸው የሚጥል በሽታ አለበት። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገድም ስልክም የሚቋረጥበት ጊዜ ነበር። እኒህ እናት ማታ ማታ ኪኒን ይቆጥራሉ። አሥር ኪኒን ሲቀር መኪናም ስልክም አልነበረም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ደግሞ በድንገት ከተቋረጠ በሽታው ከበፊቱ ብሶ ሊነሣ ይችላል። እናቲቱ ጽሕፈት የተማሩት በዚያው ዓመት ነው። እንዲህ ብለው ጻፉ፦

«ልጄ ማታ ማታ አንድ ኪኒን ይወስዳል። አሥር ቀርቶታል። መንገድ ተዘግቷል። ካርዱን ልኬአለሁ።»

ወረቀቱን በእግር ለሚሄድ ጎረቤት ሰጡት። በአምስተኛው ቀን መድኃኒቱ መጣ። በቤት ውስጥ ገና አምስት ኪኒን ነበር። እናቲቱ የጻፉት አራት አጭር ዐረፍተ ነገር ነው። ልጁ ግን አንድ ሌሊትም ሳይቋረጥበት ቀረ።

እኛም ከእኒህ እናት እንማር።

1. ኪኒን ሲያልቅ ሳይሆን አሥር ሲቀር እንነሣ። መንገዱ በጣም ሩቅ ከሆነ ከዚያም በፊት።

2. የመድኃኒቱን ስም፣ የቀጠሮውን ቀንና የጤና ጣቢያውን ስልክ በደብተር እንጻፍ።

3. የደም ግፊት ስንለካ ቁጥሩን እንጻፍ። ቁጥሩ ሁለት ነው። 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ለባለሙያ እንንገር።

4. ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መድኃኒቱን ከፀሐይና ከእሳት ያርቅ። ውኃ በማያስገባ ዕቃ ከትቶ በትንሽ ማሰሮ ያኑረው። ማሰሮውን እርጥብ አሸዋ ባለበት ትልቅ ገንቦ ውስጥ ያስቀምጠው። ያቀዘቅዘዋል።

5. ባለሙያ ሳንጠይቅ መድኃኒት አንተው፣ አንጨምር፣ ለጎረቤትም አናካፍል።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ደብዳቤም ስልክም የማይበቃበት ጊዜ አለ። አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከከዳ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰው ራሱን ከሳተ መልስ አትጠብቁ። ወዲያው ተሸክማችሁ ሂዱ።

አባቶቻችን፣ «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ይላሉ። የታመመም ሰው ቢሆን ተጠንቅቆ ረጅም ዕድሜ ይኖራል።

ጥያቄዎች

ሀ. የቢቸናው አባት መድኃኒታቸውን ለምን ተዉ?

ለ. የሞጣዋ እናት በወረቀቱ ላይ ምን ምን ጻፉ?

ሐ. በቤታችሁ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ? ካርዱን አብራችሁ አንብቡ። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን በደብተራችሁ ጻፉ።

ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።