የነባር ሕንፃዎች የውጭ ገጽታ እድሳት፦ ከውበት ባሻገር ያለው ጉዳይ

በአዲስ አበባ ከተማ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በሁለተኛው ምዕራፉ ካዛንቺስን፣ እስጢፋኖስን፣ መስቀል አደባባይንና ሜክሲኮን ካካተተ ወዲህ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ አውራ መንገዶች ግራና ቀኝ የቆሙት ነባር የቢሮ ሕንፃዎች አዲስ ገጽታ እየተላበሱ ይገኛሉ። በመንገዶቹ ዳር ያሉ ሕንፃዎች ባለቤቶች ቀለሙንና የሌሊት መብራቱን ጨምሮ የሕንፃቸውን ፊት እንዲያድሱ መደረጉ ይታወቃል። ከፊሎቹ በቀለም ተወስነዋል። ከፊሎቹ ግን የቀድሞውን መስታወት አውርዶ በአዲስ ወደ መተካት ወይም አሮጌውን ግድግዳ በአሉሚኒየም ሰሌዳ ወደ ማልበስ ተሸጋግረዋል።

ሁለቱ ሥራዎች በአላፊ አግዳሚው ዓይን አንድ ይመስላሉ፤ በምሕንድስና ግን ይለያያሉ። ቀለም ቢበላሽ ጉዳቱ ከዓይን አያልፍም። በግድግዳ ላይ የሚሰቀል መስታወትና ልባስ ግን ዝናብን የሚመክት፣ የቢሮውን ሙቀት የሚወስን፣ እሳት ሲነሳም የሚያዛምተው ወይም የሚገታው የሕንፃው አካል ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሰው ራስ በላይ የተንጠለጠለ ክብደት ነው፦ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር መስታወት 15 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ድርብ ሲሆን ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዶችን አስፍቷል፤ መቀመጫና አረንጓዴ ሥፍራም ጨምሯል። ቀድሞ አጥር ወይም የመኪና ማቆሚያ በነበረበት የሕንፃ ግርጌ ዛሬ ሰው ይመላለሳል፣ አረፍ ይላል። በመሆኑም ከላይ ያለው መስታወት በምን እንደተያዘ መጠየቅ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ አስፈላጊ ሆኗል።

የአካባቢው ሕንፃዎች የአንድ ዘመን ሥራዎች አይደሉም። ካዛንቺስ ስሙን እንኳ ያገኘው በጣሊያን ወረራ ወቅት ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተሰኘው ተቋም ነው፤ “ካዜ ኢንቺስ” ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነበር። በ1950ዎቹ በዘመኑ ስመ ጥር አርክቴክቶች የተነደፉ ታላላቅ ሕንፃዎች በአካባቢው ተገነቡ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ሰማያዊና አረንጓዴ አንጸባራቂ መስታወት የለበሱ የቢሮና የንግድ ሕንፃዎች በፍጥነት ተበራከቱ። ዛሬ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሹት እነዚህ የኋለኞቹ ናቸው። መስታወቱ ራሱ ረጅም ዕድሜ አለው፤ መስታወቱን ከአሉሚኒየሙ ጋር የሚያያይዙት ሲሊኮንና የጎማ ማሸጊያዎች ግን በአብዛኛው ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ መድረቅና መሰነጣጠቅ ይጀምራሉ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የፀሐይ ጨረር ብርቱ ነው፤ በበጋ ወራትም የቀኑና የሌሊቱ ሙቀት በእጅጉ ይራራቃል። መገጣጠሚያው በየዕለቱ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ በክረምት በኮርኒስ ጥግ የሚታይ እርጥበት ሲሆን፣ ተከራዮች ጣሪያው ያፈሰሰ ይመስላቸዋል። ውኃው ግን የገባው በፊት ለፊቱ ግድግዳ ሊሆን ይችላል፤ ከውስጥ ያለውን የብረት ማያያዣም ማዛግ ጀምሮ ይሆናል። እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ አዲስ ሰሌዳ መደረብ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም።

እድሳት በጥናት ሲመራ ምን እንደሚመስል ለማየት ከካዛንቺስ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ቅጥር ግቢ የሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ተነድፎ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ሕንፃ ነው። ወደ 57 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚጠጋ በጀት የተያዘለትና ዓመታትን የፈጀው እድሳት ተጠናቅቆ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የውጭ ግድግዳውን የሚሸፍኑት ብርቱካናማ፣ ቡናማና ነጣ ያሉ ጥቃቅን ንጣፎች በቀድሞው መልካቸው እንደገና ተመርተው የተለጠፉ ሲሆን፣ ቁጥራቸው ወደ 13 ሚሊዮን ይደርሳል። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ የሚያሳየው 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወትም በባለሙያ እጅ ታድሷል። እርግጥ ነው፣ የትኛውም የግል ሕንፃ ባለቤት ይህን ያህል ወጪና ጊዜ ሊመድብ አይችልም፤ አዳራሹም የታሪክ ቅርስ በመሆኑ ከተራ የቢሮ ሕንፃ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የሥራው ቅደም ተከተል ግን ለሁሉም ይሠራል፦ መጀመሪያ ነባሩ ግድግዳ ተጠና፤ የሚቆየውና የሚተካው ተለየ፤ ከዚያ በኋላ ነው አዲሱ ንጣፍ የተመረተው። በብዙ የግል ሕንፃዎች ሰሌዳው አስቀድሞ ይገዛል፤ ግድግዳው የሚታየው መሰላሉ ከቆመ በኋላ ነው።

በሰሌዳ ምርጫ ረገድ ዋነኛው ሥጋት እሳት ነው። በከተማችን በተለምዶ አሉኮቦንድ የሚባለው ልባስ በአንድ የንግድ ስም ይጠራ እንጂ ልዩ ልዩ ዓይነት ምርቶችን ያጠቃልላል። በብዛት የሚታወቀው 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሜትር በሚሆኑ ሁለት የአሉሚኒየም ገጾች መካከል 3 ሚሊ ሜትር ሙሊት ይይዛል። ልዩነቱ ያለው በዚህ ሙሊት ነው። ሙሊቱ ተራ ፕላስቲክ ሲሆን በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ በአብዛኛው ከማዕድን የተሠራ ሲሆን ደግሞ እሳትን ይቋቋማል። ከፊት ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ቀለማቸውም ውበታቸውም አይለይም። በለንደን ከተማ የሚገኘው ባለ 24 ፎቅ ግሬንፌል የመኖሪያ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2016 በተጠናቀቀ እድሳት ፕላስቲክ ሙሊት ያለው ሰሌዳ እንዲለብስ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 በአንድ ወጥ ቤት የተነሳ እሳት በልባሱ በኩል ወደ ላይ ተዛምቶ የ72 ሰዎች ሕይወት አልፏል። ነባሩ የኮንክሪት ሕንፃ ለአሥርታት ያለ ልባስ ቆሞ ነበር፤ አደጋውን ያባባሰው ለማሻሻል ተብሎ የተጨመረው ነው። በካዛንቺስ መንገዶች መስፋታቸው ለእሳት አደጋ ተሽከርካሪዎች ጠቃሚ ቢሆንም፣ እሳቱ በግድግዳው ላይ የሚወጣ ከሆነ የመንገዱ ስፋት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ገዢው የሰሌዳውን ቀለም ከመምረጡ በፊት የሙሊቱን የእሳት ምድብ የሚያረጋግጥ የፍተሻ ሰነድ ሊጠይቅ፣ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱም ሰነዱን ከመጣው ዕቃ ጋር ሊያመሳክር ይገባል።

ሁለተኛው ሥጋት ንቅናቄ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሰቱት ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጦች፣ በተለይም ታኅሣሥ 26 ቀን የተመዘገበው በሬክተር ስኬል ከ5.5 ያላነሰው፣ በአዲስ አበባ ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ በግልጽ ተሰምተዋል። ሕንፃ ሲወዛወዝ ፎቆቹ እኩል አይንቀሳቀሱም፤ መስታወቱ በክፈፉ ውስጥ የመንቀሳቀሻ ክፍተት ከሌለው ይሰበራል ወይም ይወድቃል። በብሎኬት ላይ በአጭር ቡሎን የተያዘ ክፈፍም ከኮንክሪቱ ጋር እንደተያያዘው አይጸናም።

ምቾትና የኃይል ፍጆታም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በሰሜንና በደቡብ በኩል ያለ መስኮት በአጭር ጥላ ይጠበቃል። ምሥራቅና ምዕራብ ግን ዝቅ ብላ የምትመጣውን የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ይቀበላሉ። በመስታወት በተሸፈነ የምዕራብ ፊት ያለ ቢሮ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ መጋረጃውን ዘግቶ፣ መብራቱን አብርቶ ይሠራል፤ ብርሃን ያስገባል የተባለው መስታወት ብርሃኑን አስከለከለ ማለት ነው። አየሩ አብዛኛውን ዓመት ደጋማና ለዘብተኛ በሆነ ከተማ በጥላና በሚከፈት መስኮት የሚገኘውን ቅዝቃዜ በማሽን መግዛት ትርፍ ወጪ ነው። እድሳቱ አራቱንም ፊት አንድ ዓይነት ከማልበስ ይልቅ በየአቅጣጫው ቢለያይ የተሻለ ይሆናል፤ ለመንገዱ ውበትም አይጎድልበትም።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ ከውጭ የሚገቡ የግንባታ ግብዓቶች በብር ሲሰሉ ዋጋቸው ጨምሯል። ይህ ባለቤቶችን ወደ ርካሹ ሰሌዳ ሊገፋ እንደሚችል ግልጽ ነው። ይሁንና ጤናማ የሆነውን መስታወት ሳያወርዱ ማሸጊያውን ብቻ መቀየር፣ የዛገውን ማያያዣ መርጦ መተካት በብዙ ሕንፃዎች ላይ ከሙሉ ልባስ የሚያንስ ወጪ ይጠይቃል። ወደዚህ የሚያደርሰው ግን ቀድሞ የተሠራ ጥናት ብቻ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አዲስ ግንባታን ብቻ ሳይሆን በነባር ሕንፃ ላይ የሚደረግ ማሻሻያንም በፈቃድ ሥርዓት ውስጥ አስገብቷል፤ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ሕንፃዎችም ከፍተኛ ጥንቃቄ በሚጠይቀው “ሐ” ምድብ መድቧል። የውጭ ልባስን መለወጥ የሕንፃ ማሻሻያ እንጂ የቀለም ቅብ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ወለል በወለል ለተለያዩ ባለቤቶች በተሸጡ ሕንፃዎች ደግሞ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መንፈስ የውጭ ግድግዳው የጋራ ንብረት በመሆኑ፣ የአራተኛው ፎቅ ባለቤት የራሱን ፊት ብቻ አልብሶ አምስተኛውን መተው አይችልም፤ በሁለቱ ልባሶች መጋጠሚያ የሚገባው ውኃ የሁሉንም ግድግዳ ያበላሻል። ውሳኔውም ወጪውም በማኅበሩ በኩል በጋራ መያዝ ይኖርበታል።

የሥራው ወቅትም ይወስናል። ሲሊኮን በእርጥብ ገጽ ላይ አይያዝም፤ ስለዚህ መስታወት የማውረድና የማሸግ ሥራ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ቢሠራ ይመረጣል። ልምድ ያላቸው ተቋራጮች ሙሉውን ግድግዳ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ፎቅ ከፍታ ያለውን ክፍል ብቻ ጨርሰው፣ ከውጭ በቱቦ ውኃ እየረጩ ከውስጥ ሰው ቆሞ እንዲያይ ያደርጋሉ። ጠብታ ከታየ አሠራሩ በዚያው ይታረማል፤ ከሰኔ በፊት የሚታረመው ደግሞ ይኸው አንድ ፎቅ ብቻ ነው።