ፎቶ ማዞር ጥራቱን ይቀንሳል?



የዛሬው ጥያቄ ከአቀስታ የመጣ ነው። አንዲት እህታችን ያረፉት እናቷ የተነሡት አንድ ጥሩ ፎቶ ብቻ አላት። በስልኳ ስታየው ቀጥ ብሎ ይታያል፤ በኮምፒውተር ሲከፈት ግን በጎኑ ይተኛል። አዙራ ደሴ ወስዳ ልታሳጥበው ስትል ባለቤቷ፣ «ፎቶ በዞረ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል፤ ያለን እሱ ብቻ ነው፤ አትንኪው» ይላታል። ፎቶው እስካሁን አልታጠበም፤ በመካከላቸውም ቅሬታ ገብቷል። ለመሆኑ ማን ትክክል ነው?

የወንድማችን ፍርሃት ከምንም የመጣ አይደለም። ብዙዎቹ ካሜራዎችና ስልኮች ፎቶን የሚያስቀምጡት እ.ኤ.አ. በ1992 ደረጃ ሆኖ በጸደቀው ጄፔግ በሚባለው ዘዴ ነው። ዘዴው ሥዕሉን ርዝመትና ስፋታቸው 8 ነጥብ በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍልና ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር እየጣለ ፋይሉን ያሳንሳል። የተጣለው አይመለስም። ፎቶው ተከፍቶ፣ ተለውጦ እንደገና ሴቭ ሲደረግም መጣሉ ይደገማል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ እንኳ አንዳንድ ፎቶዎች ሲዞሩ ጥራታቸው ለዘለቄታው ሊቀንስ እንደሚችል ያስጠነቅቅ ነበር።

ይሁን እንጂ ጉዳቱ የሚመጣው ከማዞሩ ሳይሆን እንደገና ከማስቀመጡ ነው። ማዞር ደግሞ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው፣ ሥዕሉ ሳይነካ በፋይሉ ውስጥ «ሲታይ በዚህ በኩል ይዙር» የሚል ምልክት ብቻ መጻፍ ነው። ምንም ጥራት አይቀነስም። የእህታችን ፎቶ በስልኩ ቀጥ ብሎ በኮምፒውተሩ የተኛው ስልኩ ምልክቱን ሲያነብ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ስላላነበበው ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው፣ ካሬዎቹን እንደ ወለል ንጣፍ ቦታ እየቀያየሩ ማዞር ነው። ይህን የሚያደርጉ ፕሮግራሞች አሉ። የፎቶው ስፋትና ቁመት ያለ ቀሪ ለ16 ከተካፈለ ምንም ነገር አይጠፋም። ለምሳሌ ብዙ ስልኮች የሚያነሡት 4032 በ3024 የሆነ ፎቶ በትክክል ይካፈላል። ካልተካፈለ ግን የጠርዙ ቀጭን ክፍል ሊቆረጥ ይችላል።

ሦስተኛው፣ ፎቶውን ፈትቶ፣ አዙሮ እንደገና ማስቀመጥ ነው። በዚህኛው ጥቂት ይጠፋል። ነገር ግን በከፍተኛ ጥራት አንድ ጊዜ ብቻ ከተቀመጠ በታጠበው ወረቀት ላይ ዓይን ልዩነቱን አያገኘውም። በዝቅተኛ ጥራት ደጋግሞ ማስቀመጥ ግን የፊትን ጠርዝ ያደበዝዛል፤ ካሬዎቹም መታየት ይጀምራሉ።

እስካሁን ያልነው ሩብ ዙር ስለማዞር ነው። ትንሽ ያዘነበለን ፎቶ በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ማቅናት ከዚህ ይለያል፤ እያንዳንዱ ነጥብ እንደገና ስለሚሰላ ሥዕሉ በጥቂቱ ይለሰልሳል፤ ጠርዙም ይቆረጣል።

ከማዞር ይልቅ ልትጠነቀቁበት የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ፎቶን በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ስትልኩ መጠኑ ሊያንስና እንደገና ሊጨመቅ ይችላል። ለፎቶ ቤት የምትልኩ ከሆነ በፋይል መልክ ላኩ፤ ወይም በፍላሽ ውሰዱ።

እንግዲህ እህቴ፣ ወንድሜ፣ አብራችሁ ተቀመጡና እንዲህ አድርጉ። በመጀመሪያ ፎቶውን ኮፒ አድርጉ። ዋናውን ሳትነኩ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ በስልክ፣ ሌላው በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ ይሁን። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፤ ለዚያ ፎቶ ከመዞር ይልቅ የሚያሰጋው ይህ ነው። ከዚያ ኮፒውን አዙሩና በከፍተኛው ጥራት ሴቭ አድርጉት። ካልወደዳችሁት ትሰርዙታላችሁ፤ ዋናው እንዳለ ነው። ለነገሩ ፎቶው ሳይዞር ቢታጠብም ወረቀቱን በእጅ ማዞር ይቻላል።

ባልየው የአማቱ መልክ እንዳይጠፋ ሲሳሳ፣ ሚስትየዋ የእናቷን ፊት በየቀኑ ግድግዳዋ ላይ ማየት ፈልጋለች። አንድ ኮፒ የሁለቱንም ሐሳብ ይፈጽማል። በእናንተም ቤት «አትንኪው»፣ «አትንካው» የተባለ ነገር ካለ፣ ከመቀያየማችሁ በፊት «ምን እንዳይሆን ፈርተህ ነው?»፣ «ምን አስበሽ ነው?» ተባባሉ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ በሰላም ቆዩ።