የተሰበረው ሁሉ አልተለወጠም



«ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመለስ ለውጥ ፊዚካዊ፥ የማይመለስ ግን ኬሚካዊ ነው» የሚለውን አባባል ከመካከላችን በቃሉ የማያውቅ አለ ብዬ አልገምትም። ብዙዎቻችንን ፈተና አሳልፎናል። እኔ ግን አባባሉ አሳስቶናል እላለሁ፤ ምክንያቴንም እነሆ አቀርባለሁ።

አንድ ጀበና ከእጅ አምልጦ ተሰበረ እንበል። ገሉን ማንም ወደ ጀበናነት አይመልሰውም። ታዲያ ለውጡ ኬሚካዊ ነውን? አይደለም። ገሉ በሙቀጫ ተወቅጦ ቢደቅቅ እንኳ ያው የተተኮሰ ሸክላ ነው፤ የጠፋው ቅርጹ ብቻ ነው። «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ይባላል፤ ሆኖም የፈሰሰውም ውኃ ያው ውኃ ነው። በአንጻሩ በመኪና ባትሪ ውስጥ የሚካሄደው ለውጥ ኬሚካዊ ሆኖ ሳለ፥ ባትሪው በኤሌክትሪክ ሲሞላ ለውጡ ወደ ኋላ ይመለሳል። እንግዲህ መመለስና አለመመለስ ዳኛ ሊሆነን አይችልም።

ትክክለኛው ጥያቄ «ይመለሳል ወይ?» ሳይሆን «ያው ነገር ነው ወይ?» የሚለው ነው። ለዚህም ምስክራችን ራሱ ሸክላው ነው። ደርቆ ገና እሳት ያልነካው ጀበና ቢሰበር፥ ስባሪው ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ከተተኮሰ በኋላ የተሰበረው ግን ዓመት ቢዘፈዘፍ ጭቃ አይሆንም። በእሳቱ ውስጥ፥ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ፥ ከአፈሩ ማዕድን ጋር ተጣምሮ የነበረው ውኃ ወጥቶ ስለሚሄድ አፈሩ ሌላ ነገር ሆኗል። ኬሚካዊው ለውጥ የተፈጸመው ጀበናው ሲተኮስ እንጂ ሲወድቅ አይደለም።

ይህ የቃላት ክርክር ነው የሚል ቢኖር ከሸክላ ወደ ብረት ይምጣ። ጭነት በዝቶበት የተሰበረ ብረትና ዝገት በልቶት የተሰበረ ብረት ሁለቱም ተሰባብረው ይታያሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር፥ በኦሃዮ ወንዝ ላይ የነበረው ሲልቨር ብሪጅ የተባለ ድልድይ በድንገት ተደርምሶ 46 ሰዎች ሞተዋል። በምርመራ እንደ ተገኘው፥ የአደጋው መነሻ ከተሸካሚ ብረቶቹ በአንዱ ላይ የነበረች ትንሽ ስንጥቅ ናት። እርሷንም ለብዙ ዓመታት ያሳደጓት ዝገትና የጭነት ውጥረት ተባብረው ነው። ብረቱ የተሰበረው በቅጽበት ነው፤ ለስብራቱ ያዘጋጀው ግን ከዓመታት በፊት የጀመረ ኬሚካዊ ለውጥ ነበር። ስብራቱን ብቻ የሚያይ ሰው የጭነቱን ልክ ሲቆጥር ዝገቱን ይረሳል።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን በትሕትና የምንለምነው፥ የምልክቶችን ዝርዝር ከማስጻፍ ይልቅ አንድ ገልና አንድ ያልተተኮሰ ስባሪ ከአንድ ባልዲ ውኃ ጋር እንዲሰጡን ነው። እኛም በበኩላችን ለፈተና ብቻ መሸምደዱን እንተው። ነገ ከመካከላችን ድልድይ እንዲመረምር የሚላክ አለና፥ ያን ጊዜ በቃል የተያዘ ዐረፍተ ነገር አያድነውም፤ ድልድዩንም አያድነው።