መምህር ከባልደረባው ይማር፤ እኛም እንጠይቅ!

የተከበራችሁ ወላጆች፣ በተለይም ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በ“ጹር ይስራኤል” ዘመቻ የገባችሁ አዲስ ቤተሰቦች፤

መምህራን ከክፍል ሥራቸው ውጪ ተሰብስበው የሚማሩበት ጊዜ አለ። በዕብራይስጥ “ሂሽታልሙት” ይባላል፤ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና ማለት ነው። ብዙዎቻችን “ይህ የመምህራን ጉዳይ ነው፤ እኛን አይመለከተንም” ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን ይመለከተናል። ልጆቻችን በምን ዓይነት መንገድ እንደሚማሩ ከሚወሰንባቸው ቦታዎች አንዱ ያ ስብሰባ ነውና።

እኛ በማኅበራዊ ሠራተኛነት በቤተሰብና በትምህርት ቤት መካከል የምንመላለስ ሰዎች በእንደዚህ ያሉ ስብሰባዎች ላይ በተደጋጋሚ ተገኝተናል። የምናየው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ርእሱ “ከኢትዮጵያ የመጡ ተማሪዎች ባህል” ይባላል። ተናጋሪ ከውጭ ይጋበዛል፤ የጎንደር መንደሮች ፎቶግራፍ ይታያል፤ ቡና ይፈላል፤ ዳቦ ይቆረሳል። “የኢትዮጵያ ልጅ ለአክብሮት ሲል አንገቱን ይደፋል፤ ትልቅ ሰውን ዓይን ለዓይን አያይም” ይባላል። መምህራኑ ጽፈው፣ አመስግነው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። በማግሥቱ በክፍል ውስጥ ምን ተለወጠ? ምንም!

እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ይብሳል። አንገቱን የደፋው ልጅ ጥያቄው ስላልገባው ይሆናል፤ ወይም ሌሊት ስላልተኛ ይሆናል። መምህርቷ ግን “ባህሉ ነው” ብላ ታልፈዋለች። ሁለተኛ አትጠይቀውም። እዚህ ተወልዶ ከማንም ጋር ዓይን ለዓይን እየተያየ ያደገውም ልጅ በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። ለመልካም ተብሎ የተሰጠ ትምህርት ልጁን ላለማየት ሰበብ ሆነ ማለት ነው።

እኛ የምንለው ይህ ነው፤ ልጆቻችንን ለማስተማር የሚያስፈልገው እውቀት አብዛኛው እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ አለ። በጎረቤት ክፍል ባለችው መምህርት እጅ ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በአማርኛ ማንበብ የጀመረ ልጅ እያንዳንዱ ፊደል ድምፁን ይዞ ያገኘዋል፤ “በ” እና “ቡ” በመልካቸው ይለያሉ። በዕብራይስጥ ግን የድምፅ ምልክቱ፣ “ኒቁድ” የሚባለው፣ ለጀማሪዎች ይጻፍና ከፍ ባሉት ክፍሎች ይቀራል። በአሥር ዓመቱ የመጣ ልጅ ያለ ምልክት የተጻፈ መጽሐፍ በቀጥታ ሲሰጠው ይደናገራል። ይህን የተረዳች መምህርት ምልክት ያለበትን ጽሑፍ ለተወሰነ ጊዜ ትሰጠዋለች፤ ልጁም ይራመዳል። ሌላው መምህር ደግሞ በክፍል ፊት ዝም የሚለው ልጅ መጀመሪያ ከጎኑ ካለው ጓደኛው ጋር ሁለት ደቂቃ እንዲነጋገር ሲፈቀድለት እጁን እንደሚያወጣ ደርሶበታል። ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠራሉ። አንዱ የሌላውን ግን አያውቅም፤ ማንም አላገናኛቸውም።

እውነተኛ ሥልጠና እነዚህን የሚያገናኝ ነው። መምህራን የልጁን ደብተር ይዘው ይምጡ። አንዱ ባንዱ ክፍል ገብቶ ይቀመጥ፤ ዓይኑንም ከመምህሩ ይልቅ በልጆቹ ላይ ያድርግ፤ ማን እንደተናገረ፣ ማን እንደጠፋበት ይጻፍ። ከዚያም የሚሞከረውን ይስማሙ፤ ከወር በኋላ ተመልሰው ውጤቱን ይንገሩ። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በጃፓን መምህራን አንድን ትምህርት አብረው አዘጋጅተው፣ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ተመልክተው መወያየትን ከመቶ ዓመት በላይ ልማድ አድርገውታል። “ከአንድ ብርቱ፣ ሁለት መድኃኒቱ” የሚለውን እኛም ከአባቶቻችን ሰምተናል።

ከእኛ ወገን የሆኑትን መምህራን በተመለከተ የምንለው አለን። በ1955 እና በ1956 ከቤተ እስራኤል 27 ወጣቶች ወደ ክፋር ባትያ መጥተው ተምረዋል፤ ዓላማው ተመልሰው በየመንደሩ እንዲያስተምሩ ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1923 በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፈት ታምራት አማኑኤል መርተውታል። መምህርነት ለእኛ እንግዳ ሙያ አይደለም። ታዲያ ዛሬ የእኛ ልጅ የሆነችው መምህርት ለምን ጠብ ሲነሳ፣ ወላጅ ሲጠራና ቡና ሲፈላ ብቻ ትፈለጋለች? ስለ ሒሳብና ስለ ንባብ አስተማር ሲወራ ለምን አትጠየቅም? እሷ የተማረችው ማስተማርን ነው። የማኅበረሰቡን ጉዳይ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫን አክብሮት አይባልም። እኛም ልጆቻችንን የሚያውቅ ወገናችን ብቻ ነው አንልም። ከሩሲያም ይምጣ ከሞሮኮ፣ ልጁን ማንበብ ያስቻለ መምህር ለባልደረቦቹ ያሳይ።

“መምህራን ጊዜ የላቸውም” የሚሉን አሉ። መድከማቸውን እናውቃለን፤ እናከብራቸዋለንም። ነገር ግን ሰዓቱ አስቀድሞ ተመድቧል። “ኦፌክ ሐዳሽ” የተባለው የ2008 ስምምነት ሥልጠናን ከመምህሩ የደረጃና የደመወዝ እድገት ጋር አያይዞታል፤ “ፒስጋ” የሚባሉ የመምህራን ማዕከላትም አሉ። እኛ ተጨማሪ ሰዓት አልጠየቅንም፤ ያለው ሰዓት ለልጁ ይጥቀም ነው የምንለው። “ባለሙያ ከውጭ መምጣት የለበትም ወይ?” ለሚሉም፣ ይምጣ! ግን ተናግሮ አይሂድ፤ መምህራኑ የሞከሩትን ሰምቶ ይርዳ።

ወላጆች ሆይ፣ አሁን ድርሻችሁን እንንገራችሁ። በወላጆች ቀን፣ “ዮም ሆሪም” በሚባለው ዕለት፣ “ልጄ ጨዋ ነው ወይ?” ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። “ልጄ በየትኛው ትምህርት ይሻለዋል? በዚያ የሚያስተምረውስ መምህር የሚያደርገውን ሌሎቹ አይተዋል ወይ? በዘንድሮው ሂሽታልሙት ስለ ልጆቻችን ንባብ ምን ተማራችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ። ዕብራይስጥ ካላስቻላችሁ በአማርኛ ተናገሩ፤ አስተርጓሚ እንዲቀርብላችሁም ጠይቁ። ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ስለ ራሱ የሚነገረውን እሱ ሊተረጉም አይገባም። በወላጆች ኮሚቴም ተመረጡ።

በሀገራችን “መምህሩ ያውቃል” ብሎ ዝም ማለት ጨዋነት ነበር። እዚህ ግን የወላጅ ዝምታ “ግድ የላቸውም” ተብሎ ይተረጎማል። መጠየቅ መምህርን መድፈር አይደለም፤ አብሮ መሥራት ነው። መምህራን እርስ በርስ ይማሩ፤ እኛም በአክብሮት፣ ግን ሳናቋርጥ፣ እንጠይቃቸው።