ብራንች ፎልደር አይደለም!

ወገን፣ ይሄ ለኛ ለኮድ ጸሐፊዎች ነው። የሚከፋው ይከፋው።

ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ስሠራ የፕሮጀክቱ ዲስክ ላይ «ፋይናል»፣ «ፋይናል ሁለት»፣ «አዲሱ ፋይናል» እና «እንዳትነኩት» የሚባሉ አራት ፎልደሮች ነበሩ። አራቱም የአንድ ኮድ ግልባጭ ናቸው። ጊት ተጭኗል፤ ብራንች የሚከፍት ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ጀማሪ ልጅ ደረሰኝ ላይ የነበረውን የቫት ስሌት ስህተት አስተካከለ። ሞከረው፣ ሠራ። ሰርቨሩ ላይ ግን ስህተቱ ቀጠለ። ለምን? ኢምፖርቱ የሚያመጣው የሌላኛውን ፎልደር ፋይል ነበራ! ፓይተን ሞጁል ሲፈልግ የቦታዎች ዝርዝር ይዞ በተራ ያያል፤ ስሙ ከገጠመ መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል። የታረመው የቱ እንደሆነ አይጠይቅም። ልጁ «ሳትሞክር ላክህ» ተብሎ ተሰናበተ። እኔም ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ሥራው አጣዳፊ ነው፣ ኮፒ ማድረግ ይቀላል» ትሉኛላችሁ። አይቀልም! ብራንች ማለት የአንድ ኮሚትን መለያ የያዘች ሚጢጢ ፋይል ናት፤ በተለመደው ጊት 41 ባይት ብቻ። ሙሉ ፎልደር ከመገልበጥ ጋር ምን ያገናኘዋል? «ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት እፈልጋለሁ» ለምትሉም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ጊት ወርክትሪ አለው። አንዱን ፕሮጀክት በሁለት ፎልደር፣ በሁለት ብራንች ይከፍትላችኋል፤ ታሪኩ ግን አንድ ሆኖ ይቀጥላል። ብቻ ሁለተኛውን ፎልደር ከፕሮጀክቱ ውጭ አስቀምጡት።

ኢምፖርትም አድራሻ ነው። ካዛንቺስ ቤት ስንጠቁም «ከእትዬ እንትና ሱቅ ጎን» እንል ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ሲፈርስ ሱቁም ሄደ፣ ምልክቱም ጠፋ። «ሁለት ፎልደር ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ጎን» የሚል ኢምፖርትም እንደዚያው ነው፤ ፋይሉን ያዛወራችሁት ቀን መንገዱ ይጠፋዋል። ከፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ተነስታችሁ በሙሉ ስሙ ጥሩት። ፎልደርን በሥራው ሰይሙ፦ ክፍያ፣ ደረሰኝ፣ ደንበኛ። የትኛው አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ መያዝ የጊት ሥራ ነው፤ ለሱ ተዉለት።

እናንተ አለቆች ደግሞ፦ ቀጣዩን ጀማሪ ከማባረራችሁ በፊት ዲስኩን ከፍታችሁ እዩ። «ፋይናል ሁለት» የሚል ካገኛችሁ፣ ጥፋተኛው ልጁ አይደለም።