ሽሮ የሚያሳፍረው ማንን ነው?

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ግን ስለ ልጆች ስለሆነ ታገሱኝ።

ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ትልቋ ልጄ፣ 8 ዓመቷ ነው፣ ምሳ ዕቃዋን እንደሞላ ይዛ መጣች። የአንድ ቀን ነገር ነው ብለን ዝም አልን። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን እናቷ "አሞሻል እንዴ የኔ እናት?" ብትላት መልስ የለም። ማታ ላይ እኔ የትንሹን ጫማ ጭቃ እያራገፍኩ፣ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለችና ራሷ አወጣችው። "አባዬ፣ የኔ ሁልጊዜ ሽሮ ነው። ስከፍተው ይስቁብኛል።" ለካ ከዚያ በፊት ለሳምንታት ክዳኑን እንደ አጥር አቁማ፣ ከኋላው ተደብቃ ነበር የምትበላው። በመጨረሻ መደበቁም ሲሰለቻት መብላቱን ተወችው።

በነጋታው ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ሱቅ ሄጄ የታሸገ ጁስ፣ ብስኩትና ቺፕስ ገዝቼ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላት። እንግዲህ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ የማስተምር ሰው ነኝ። ሰሌዳ ላይ "የተመጣጠነ ምግብ" ብዬ ጽፌ ሁለቴ የማሰምርበት ሰውዬ!

ልጅቷ ደስ አላት። ደስታው ደሞዝ እስኪያልቅ ቆየ፤ የአስተማሪን ደሞዝ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ባለቤቴ የሰኔን ወጪ በደብተር ይዛው ነበር። ልጆቹን "ለማስደሰት" ብለን ያወጣነው ብቻ፣ ማለትም ጁሱ፣ ቺፕሱ፣ ከረሜላው፣ አንድ ቅዳሜ የወሰድናቸው መጫወቻ ቦታ መግቢያውና እዚያ የበሉት ድንች ጥብስ ተደምሮ 1,640 ብር ሆነ። ዘይት በማንኪያ እየለካን የምንጨምር ቤት ነው ይህን ያወጣው። በዚያ ብር በእኛ ሰፈር ዋጋ ሁለት ትሪ እንቁላል ተገዝቶ መልስ ይመጣል።

እኔን የበለጠ ያሳፈረኝ ግን ሒሳቡ አይደለም። ያን ጁስ የገዛሁት ለማን ነው? ልጄ የፈራችው የጓደኞቿን ሳቅ ነው። እኔ የፈራሁት የጓደኞቿን ወላጆች ነው። "የመምህሩ ልጅ ሽሮ ብቻ ነው የምትበላው" እንዳይባል። ሕፃናቱ ደግሞ በሽሮ መሳቅን ከሰማይ አላመጡትም። ከእኛ ነው የሰሙት። እንግዳ ሲመጣ "ውይ ዛሬ እኮ ሽሮ ብቻ ነው ያለን" ብለን ይቅርታ ስንጠይቅ ቁጭ ብለው ይሰማሉ እኮ!

ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለውም። ሽሮ በእንጀራ ማለት የጥራጥሬና የእህል ጥምረት ነው። እህል የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ጥራጥሬው ይሞላዋል፤ ጥራጥሬው የሚያንሰውን ደግሞ እህሉ። ስንዴና ሽንብራ ተቀላቅሎ ሲነፈር ያው ነው። እናቶቻችን ላይሲን የሚባል ስም ሳይሰሙ ነው ያገኙት። የብዙዎቹን የታሸጉ ጁሶች ካርቶን አዙራችሁ አንብቡት፤ መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ውኃና ስኳር ነው።

ግን ደግሞ የማልስማማበት ወግ አለ። "እኛ ቆሎ ቆርጥመን አድገን ምን ሆንን?" የሚል። ምን እንደሆንን እኮ ተለክቷል። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 37 በመቶዎቹ ቀንጭረው ነው የተገኙት። ከ10 ልጅ ወደ 4 የሚጠጋ ማለት ነው። መቀንጨር ደግሞ ቁመት ብቻ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ የምናየው የትምህርት አቀባበልም ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ርካሽ ምግብ ጥሩ ሊሆን ይችላል ማለት ሌላ፣ የተገኘው ሁሉ ይበቃል ማለት ሌላ። ሽሮ ብቻ በየቀኑ፣ ያለ ቅጠል፣ ያለ እንቁላል፣ አይበቃም። ልጄ "ሁልጊዜ ሽሮ ነው" ስትል ግማሹ እውነቷን ነበር።

ይህን ስጽፍ አንድ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ከዓመታት በፊት ነው፤ 9ኛ ክፍል። አራተኛ ፔሬድ ላይ ሜዳ ወጥተን ሩጫ ሳሠራ ሁልጊዜ መሐል ላይ ይቆማል። "ሰነፍ" ብዬ ሁለት ዙር ጨመርኩበት። ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርስ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ውኃ ሰጥተነው ትንሽ ሲረጋጋ ጓደኛው ጠጋ ብሎ "ቲቸር፣ ከትናንት ምሳ ጀምሮ አልበላም" አለኝ። ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲበላ እሱ አጥር አጥሩን ደብተር ይዞ ሲዞር አየው ነበር። የሚያጠና ነበር የሚመስለኝ። አንተ ልጅ፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆነሃል፤ ይህን ካነበብከው፣ ያን ቀን ይቅርታ አልጠየቅኩህም። አሁን እጠይቅሃለሁ።

እሱ ምሳ ዕቃ አልነበረውም፤ ልጄ ምሳ ዕቃ ነበራት። ሁለቱም ግን ባዶ ሆዳቸውን ነው ክፍል የተመለሱት።

እሺ፣ ታዲያ ቤት ውስጥ ምን አደረግን? ብዙም አይደለም። ሽሮው ላይ ካሮትና ጎመን በደቃቁ ተከትፎ ይገባበታል። በሳምንት ሁለት ቀን ድንች በእንቁላል፤ ሦስት እንቁላል ከሁለት ትልልቅ ድንችና ከሽንኩርት ጋር ሲመታ ለአራት ሰው ይበቃል፣ ለምሳ ዕቃም ይተርፋል። ሻይ ከምግብ ጋር ማቅረብ አቆምን። ይሄኛውን አስምሩበት፤ ብዙ ቤት ልጆች ምግባቸውን በሻይ ነው የሚያወርዱት። ሻይ ከጥራጥሬና ከቅጠል የምናገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋል፤ ቲማቲምና ሎሚ ግን ያግዙታል። ስለዚህ ሻዩ ከምግቡ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ይመጣል፣ ከሽሮው ጎን ቲማቲም በሎሚ። ጨዉ አዮዲን ያለው ይሁን፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት፣ ሲፈላ ከቆየ አዮዲኑ ይባክናል።

ለመክሰስ ደግሞ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ገብስ አገር። በሶውን በውኃ፣ በትንሽ ጨውና በዘይት አሽተን ጭብጦ እናደርገዋለን። ጭብጦውን የሚጨብጡት ግን ልጆቹ ናቸው። ትልቋ ወፍ ትሠራለች። ትንሹ፣ 5 ዓመቱ ነው፣ ሁልጊዜ ባጃጅ ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ የሚበላው ጎማዎቹን ነው። "በሶ ብላ" ብትሉት አይበላም፤ ባጃጁን ግን እናቱም ብትጠይቀው አያካፍልም። አሁን ፍልሰታ ሊገባ ነውና እንቁላሉ ይቀራል፤ ጭብጦው ግን የጾም ነው። አምና ትንሹ እህቱን አይቶ "እኔም እጾማለሁ" ብሎ ነበር፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ "አስፈታኝ" ብሎ መጣ።

እዚህ ድረስ የጻፍኩትን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ጨርሳ ሰማችኝና "ጥሩ ነው። ሽሮውን ያሰናዳው፣ ንፍሮውን የቀቀለው፣ ጎመኑን የከተፈው ማነው? 'በርካሽ' የምትለው የኔን ጊዜ ሳትቆጥር ነው" አለችኝ። ምን ይባላል? ልክ ናት። ቺፕስ ተከፍቶ ይበላል። ንፍሮ ሌሊት ተዘፍዝፎ፣ ረፋዱን ሲንተከተክ ውሎ ነው። እሷም ሥራ ውላ ነው የምትገባው። ስለ ርካሽ ምግብ የምንሰብክ ወንዶች ብዙ ጊዜ የማንከፍለውን ሒሳብ ነው "ርካሽ ነው" የምንለው። ከዚህ በኋላ ማክሰኞና ሐሙስ ማዕድ ቤቱ የኔ ሆኗል። የመጀመሪያው ሽሮዬ ጓጎለ፤ ልጆቹ "ሽሮ በሥጋ" ብለው ስም አወጡለት። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ሽንኩርት ስልጥ አይተውኝ "ምነው፣ ባለቤትህን አመማት እንዴ?" ብለው ከልባቸው ደንግጠው ገቡ።

ጨዋታው ደግሞ ከምግቡ ይከብዳል። የደብረ ብርሃንን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ብርዱ፣ ጭቃው፣ ከሰዓት የሚጀምረው ዝናብ። ልጅ ቤት ውስጥ ሲታፈን ስልክ ይጠይቃል፤ እኛም እንሰጣለን። "ስለሚወዱት ነው" እንላለን። ውሸት ነው። እኛ እንድናርፍ ነው። ማረፍ ኃጢአት አይደለም፣ ስሙን ግን በትክክል እንጥራው። ስልኩን ቀምታችሁ በምትኩ ምንም ካልሰጣችኋቸው ደግሞ ጦርነት ነው፤ ሞክሬዋለሁ።

እኛ ቤት የሠራልን ገበጣ ነው። የእንቁላል ትሪ አምስት በስድስት ነው አይደል? ሁለት ረድፍ በመቀስ ስትቆርጡለት ባለ 12 ጉድጓድ ገበጣ ይወጣዋል። በየጉድጓዱ አራት አራት፣ 48 ባቄላ። ትልቋ ማባዛትን ክፍል ውስጥ ካገኘችው ይልቅ እዚህ ነው የለመደችው፤ ሳትነካው "እዚህ ጋ ያልቃል" እያለች አስቀድማ ትቆጥራለች። በሁለተኛው ሳምንት አሸነፈችኝ፤ እያሳለፍኩላት እንዳይመስላችሁ። (ትንንሽ ልጅ ያላችሁ ተጠንቀቁ፤ የኛው አንዱን ባቄላ አፍንጫው ውስጥ ሊከት ሲል ነው የደረስኩበት።) ካልሲ ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ ተጠቅጥቆ የተሠራ ኳስ ደግሞ ቤት ውስጥ ብርጭቆ አይሰብርም። መብራት ሲጠፋ እንቆቅልሽ ነው። ትንሹ ባቃተው ቁጥር ለእህቱ የሚሰጣት አገር ዱባይን ነው፤ "ዱባይ የኛ አይደለም!" እያለች ትጣላዋለች። ቴሌቪዥንም አልከለከልንም። እኛን አባባ ተስፋዬ በተረት ነው ያሳደጉን፤ የኔዎቹ ደግሞ የቀጭኔዋን "ጸሐይ መማር ትወዳለች"ን ደጋግመው ቢያዩ አይጠግቡም።

ይህም ሁሉ ሆኖ ሁለት ወላጅ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ በእኛ መንገድ ያለን አራት ቤተሰቦች የልጆች እቁብ ጀመርን። ብር አይጣልም። ቅዳሜ ከሰዓት አንዱ ቤት ዘጠኙንም ልጆች ይቀበላል፤ ንፍሮ ወይ ፈንድሻ ያቀርባል፤ የቀሩት ሦስቱ ቤቶች ያን ከሰዓት ያርፋሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ተራው ይዞራል። የታሸገ ነገር አይመጣም።

ሁሉም ነገር አልሰመረም። በሁለተኛው ቅዳሜ አንዱ ልጅ ቺፕስ በኪሱ ይዞ መጣና ለቅሶ ሆነ፤ ትሪ ላይ ገልብጠን ለዘጠኝ ስናካፍለው ለየራሳቸው ትንሽ ትንሽ ደረሳቸውና ከዚያ ወዲያ ማንም አላመጣም። የበለጠ ያሳሰበኝ አንዲት እናት ናት። ተራዋ ሲደርስ "ልጄን ላስቀረው" ብላ መጣች። ነገሩ ሲጣራ ቤቷ አንድ ክፍል ስለሆነ አፍራ ነው። ከልጄ የምሳ ዕቃ ክዳን ጋር አንድ ነገር አይደለም እንዴ? ልጆቹ እኛ በረንዳ ላይ እንዲውሉ፣ እሷ ግን አስተናጋጇ እንድትሆን ተስማማን። ቆሎ ቆልታ መጣች፤ ተረት ደግሞ ከሁላችንም በላይ ታውቃለች። አሁን ልጆቹ "የሷ ተራ መቼ ነው?" እያሉ ይጠይቃሉ።

መስከረም ላይ ለልጆቻችን ትምህርት ቤት የምናቀርበው ሐሳብም አለ። የታሸገ ምግብና መጠጥ ግቢ አይግባ፤ መምህራኑም ምሳቸውን ክፍል ውስጥ ከልጆቹ ጋር ይብሉ። ምግቡ አንድ ላይ ተዘርግቶ ይበላ ያሉም ነበሩ፤ የኔ አስተያየት ግን እሱ ይቅር ነው። ጾምና ፍስክ አለ፣ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ አለ፣ የማይስማማው ነገር ያለበት ልጅ አለ። መምህሯ የራሷን ሽሮ ከፍታ ፊታቸው ከበላች ግን ማን ይስቃል? እኔም ከመስከረም ጀምሮ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ ይዤ ነው የምሄደው። እኛ ጋ ምገባ የለም። ስለዚህ ሁለት እይዛለሁ፤ አንዱ አጥር አጥሩን ለሚዞረው ነው። የሥራ ባልደረቦቼ፣ ይሄን አንብባችሁ ዝም እንዳትሉ፤ በተራ ብንይዝ ይቀላል።

ነገ ቅዳሜ ነው፤ ተራው የእኛ ነው። ስንዴውና ሽንብራው ተዘፍዝፏል፣ ዝናቡ አሁንም እየወረደ ነው፣ ባለቤቴ ነገ ከሰዓት እህቷ ጋ ሄዳ ቡና ልትጠጣ ተዘጋጅታለች። ዘጠኝ ልጅ ለብቻዬ ነኝ። ቡሄ ስለደረሰ ሆያ ሆዬም እናለማምዳቸዋለን፤ ዱላው ግን ውጪ ይቀመጣል። እስከዚያው፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ የመስታወት ብይ የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ንገሩኝ። ሦስት ሱቅ ጠይቄ አጣሁ።