ባዶ ኮንስትራክተር ለምታበዙ፣ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሌቡ አካባቢ የደመወዝ ፕሮግራም ለምትጽፉ ባልደረቦቼ፤

ፕሮግራማችሁን እንድጠግን ተሰጥቶኝ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ሥራ እንደሚጣደፍባችሁ አውቃለሁ። አንድ ልማዳችሁን ግን ዝም ብሎ ማለፍ አቃተኝ።

«ሠራተኛ» የተባለው ወላጅ ክላስ መጀመሪያ የነበረው ኮንስትራክተር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስምና የቅጥር ቀን ይጠይቃል። «የቀን ሠራተኛ» የሚለው ልጅ ክላስ ሲጻፍ ሱፐር ሳይጠራ ቀረ። እንዲህ ሲሆን ጃቫ ራሱ ባዶ ሱፐር ያስገባል፤ ወላጁ ዘንድ አቻውን ሲያጣ ደግሞ ይጮኻል። ጩኸቱ ልክ ነበር። እናንተ ግን ወላጁ ላይ ባዶ ኮንስትራክተር ጨመራችሁና ቀዩ መስመር ጠፋ። ቀጥላችሁ ፕራይቬት የነበሩትን ፊልዶች ፕሮቴክትድ አደረጋችሁ፤ እያንዳንዱ ልጅ ክላስም በየራሱ ይሞላቸው ጀመር። አንዱ የቅጥር ቀኑን ዘነጋው። ኮምፓይለሩ ምን ይበል? አፉን ለጉማችሁታል። ጉዱ የወጣው በክፍያ ቀን፣ ሰው ተሰልፎ ሳለ ነው።

የጳጉሜው ይብሳል። ስሌቱ ወላጁ ውስጥ እያለ በየልጆቹ ተገልብጦ አገኘሁት፤ በአንደኛው ቅጂ ጳጉሜ ምንጊዜም 5 ቀን ናት። ለወር ደመወዝተኛ ጳጉሜ የራሷ ክፍያ ስለሌላት ማንም ልብ አይልም። በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ግን ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የሠራበትን አጥቷል። 2019ም ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆንበት ዘመነ ሉቃስ ነው።

እስቲ ጆዳ ታይም የተባለውን የጃቫ የቀን ላይብረሪ ከፍታችሁ እዩ። የኢትዮጵያና የኮፕት አቆጣጠሮች እዚያ ከአንድ ወላጅ ክላስ ይወርሳሉ። የ30 ቀኑን ወር፣ 13ኛዋን ወር፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ጳጉሜ 6 እንደምትሆን የሚያውቀው ወላጁ ነው። የኢትዮጵያው ክላስ ኮንስትራክተር የተቀበለውን ለሱፐር ያስረክባል። ዓመቱ የሚገባበትን ዕለት ግን ራሱ ያሰላል፤ በዓመት ቁጥር ከኮፕቱ ይለያልና።

«ሱፐር የመጀመሪያው መስመር ላይ ካልሆነ ጃቫ አይቀበልም፤ ቀኑን ሳናጣራ እንዴት እናስረክብ?» እንደምትሉ ይገባኛል። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ጃቫ 25 ከሱፐር በፊት ማጣራት ፈቅዷል። አሮጌው ላይ ላላችሁም የሚያጣራ ስታቲክ ሜተድ እዚያው ሱፐር ቅንፍ ውስጥ መጥራት ድሮም ይቻል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ባዶውን ኮንስትራክተር ያመጣው ይህ ችግር ሳይሆን መቻኮል ነው።

ስለዚህ ባዶውን ኮንስትራክተር አጥፉት፤ ፊልዶቹንም ወደ ፕራይቬት መልሱ። ኮምፓይለሩ ብዙ ቦታ ይጮህባችኋል፤ የጮኸበትን ሁሉ አንድ በአንድ በሱፐር አስተካክሉ። የጳጉሜውን ቅጂዎች ግን ኮምፓይለር አያገኛቸውምና በእጅ ፈልጋችሁ ሰርዟቸው፤ ከጳጉሜ 2019 በፊት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሳሪስ ጎረቤታችሁ